የ1812ቱ ጦርነት፦ ዜግነት ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና አስጠናት ነበር። ዕድሜዋም እዚህ የኖረችበት ዘመንም ስለሚፈቅድላት የምትፈተነው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ነው። ያኔ ከነበሩት መቶ ጥያቄዎች አንዱ «አሜሪካ በ1800ዎቹ ካካሄደቻቸው ጦርነቶች አንዱን ጥቀስ» ይል ነበር። ብዙ ሰው የእርስ በርስ ጦርነቱን ይዞ ይገባል። አክስቴ ግን የ1812ቱን መረጠች። «ቁጥር ነው፣ አይጠፋብኝም» አለች።

ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ደግሞ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ከማን ጋር ነው የተዋጉት?»

«ከእንግሊዝ።»

«ከእንግሊዝ ጋርማ ተዋግተው ነፃ ወጡ ብለኸኝ የለ?»

«እሱ ሌላ ነው። ይሄ ሁለተኛው ነው።»

«ምን አጣላቸው ደግሞ?»

ዝም አልኩ። እኔም ፈተናውን ያለፍኩት ሸምድጄ ነው። በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ከጠቡ ሥሮች አንዱ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋው ማመልከቻ ጋር ይገናኛል። በአንድ አገር የተወለደ ሰው የሌላ አገር ዜጋ መሆን ይችላል? ወይስ የተወለደበት ንጉሥ ዕድሜ ልኩን ይጠይቀዋል?

(ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያኔ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበር። ጎንደር ላይ ንጉሥ ቢቀመጥም አድራጊ ፈጣሪው የየጁው ራስ ጉግሳ ነበሩ።)

በ1812 የአሜሪካ ነፃነት በውል ከታወቀ ገና 29 ዓመቱ ነው። ሕዝቧ ከ7 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። እንግሊዝ ደግሞ ከናፖሊዮን ጋር የሞት ሽረት ትግል ላይ ናት። አሜሪካ «እኔ የማንም ወገን አይደለሁም» ብላ ለሁለቱም ትነግዳለች። ጦርነት ላይ ላለ አገር መሸጥ ጥሩ ገንዘብ አለው። ሁለቱም ግን አልወደዱላትም። እንግሊዝ «ናፖሊዮን ወደያዘው ወደብ የምትሄድ መርከብ መጀመሪያ በእኔ ወደብ ትለፍ፣ ቀረጥ ትክፈል» አለች። ናፖሊዮን በበኩሉ «ይህን የታዘዘች መርከብ ባገኝ እወርሳታለሁ» አለ። የአሜሪካ ነጋዴ እንግዲህ የፈለገውን ይምረጥ።

ንብረቱስ ይሁን። ሰውን ይበልጥ ያንገበገበው አፈሳው ነበር።

አፈሳ ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። የደርግን ዘመን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከ500 በላይ የጦር መርከብ ነበረው። ለእነዚህ ሁሉ ከ100,000 በላይ መርከበኛ ያስፈልጋል። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ቅጣቱ ጅራፍ ነው፣ አንዴ ከገቡ መቼ እንደሚወጡ አይታወቅም። በፈቃዱ የሚመጣ ሰው ስለማይበቃ ከወደብ ከተሞች ያፍሱ ነበር። የታፈሰው ደግሞ አጋጣሚ ሲያገኝ ይጠፋል። የሚጠፋውም የተሻለ ወደሚከፍሉት የአሜሪካ የንግድ መርከቦች ነው።

ስለዚህ የእንግሊዝ የጦር መርከብ የአሜሪካን መርከብ መሐል ባሕር ላይ ያስቆማል። አንድ መኮንን የታጠቁ ሰዎች ይዞ ይወጣል። መርከበኞቹ ይሰለፋሉ። ስማቸውን ይጠራል፣ ያናግራቸዋል፣ ቅላጼያቸውን ያዳምጣል። «አንተ የእኛ ነህ» ካለ አለቀ። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ሕዝብ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በቅላጼ ብቻ ማን የቦስተን ልጅ፣ ማን የሊቨርፑል ልጅ እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም። መኮንኑም ሰው ከጎደለበት ለመለየት ብዙ አይጨነቅም።

አሜሪካ መፍትሔ ብላ ያመጣችው ወረቀት ነው። ከ1796 ጀምሮ መርከበኞቿ ዜግነታቸውን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይይዙ ነበር። ፎቶግራፍ በሌለበት ዘመን ወረቀቱ ሰውየውን በቃል ይሥለዋል፦ ቁመቱ ይህን ያህል፣ የዓይኑ ቀለም እንዲህ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ፣ ክንዱ ላይ ንቅሳት። እንግሊዞቹ «ይህ በየወደቡ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ነው» ይሉ ነበር። እውነት ለመናገር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የሐሰት ወረቀት ንግድ ነበረ። ወረቀት ባለበት ሁሉ ፎርጂድም አለ።

ዋናው ልዩነት ግን ፎርጂዱ አልነበረም። ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆንም እንግሊዝ አትቀበለውም። ሕጓ በግልጽ እንግሊዛዊ ሆኖ የተወለደ እንግሊዛዊ ሆኖ ይሞታል ይላል። ለንጉሡ ያለበትን ታማኝነት አሜሪካ ሄዶ በመሐላ ሊፈታው አይችልም። አሜሪካ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ኑሮ በኋላ መጤውን ዜጋ ታደርጋለች። አንዱ ሰው በሁለቱ ሕግ የሁለት አገር ሰው ይሆናል። (የእኛ ሕግ በተቃራኒው መሆኑ ያስቀኛል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ነው የሚቆጠረው። እንግሊዝ ያኔ በሩን ከውጭ ቆልፋ ማንም አይወጣም ትል ነበር።)

የአሜሪካ መንግሥት ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ለኮንግረስ ያቀረበው ዝርዝር ከ6,000 በላይ የተወሰዱ ሰዎችን ይቆጥራል።

ነገሩ መጀመሪያ የፈነዳው በሰኔ 1807 ነው። ቬርጂኒያ ጠረፍ አጠገብ ሌፐርድ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቼሳፒክ የተባለችውን አስቆመች። ቼሳፒክ የንግድ መርከብ አይደለችም፤ የአሜሪካ መንግሥት የጦር መርከብ ናት። «አልፈተሽም» ስትል ሌፐርድ በመድፍ ደበደበቻት። ሦስት ሰው ሞተ፣ 18 ቆሰለ፣ አራት ሰው ተወሰደ። ከአራቱ አንዱ በእርግጥም እንግሊዝ ተወላጅ ነበርና ሃሊፋክስ ላይ ተሰቀለ። ሌሎቹ ሦስቱ አሜሪካውያን ነበሩ።

ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን መዋጋት አልፈለገም። «ንግዳችንን ብናቋርጥባቸው ይንበረከካሉ» ብሎ መርከቦቹ በሙሉ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ አገደ። የተንበረከከችው ግን አሜሪካ ራሷ ናት። በ1807 108 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የወጪ ንግድ በ1808 ወደ 22 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። የሰሜን ምሥራቅ ወደቦች ጭር አሉ፣ ኮንትሮባንድ ደራ።

እስካሁን የነገርኳችሁ የባሕሩን ክርክር ነው። የየብሱ ክርክር ሌላ ነው፣ ያን ያህልም አያኮራም። በምዕራብ በኩል ነጭ ሰፋሪዎች የነባሮቹን ሕዝቦች፣ በተለምዶ ቀይ ሕንድ የምንላቸውን፣ መሬት እየገፉ ነበር። ተኩምሴ የተባለ የሾኒ ሕዝብ መሪ ነገዶቹን «መሬቱ የሁላችን ነው፣ አንዱ ነገድ ለብቻው ሊሸጠው አይችልም» እያለ አንድ ያደርጋቸው ጀመር። እንግሊዝም ያኔ ግዛቷ ከነበረችው ከካናዳ በኩል ትደግፈዋለች። በኮንግረስ ውስጥ እንደ ሄንሪ ክሌይ ያሉ ወጣት ፖለቲከኞች ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ቀላል ነው፦ ካናዳን መያዝ። ጄፈርሰን እንኳ ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ካናዳን እስከ ኩቤክ አካባቢ መያዝ በእግር እንደ መሄድ ያለ ነገር ነው ብሎ ነበር።

ሰኔ 18 ቀን 1812 ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን የጦርነት አዋጁን ፈረመ። ድምፁ በተወካዮች ምክር ቤት 79 ለ49፣ በሴኔት 19 ለ13 ነበር። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ የመጡት መርከበኞቻቸው ከሚታፈሱባቸው የሰሜን ምሥራቅ ክፍለ አገሮች መሆኑ ደግሞ የሚገርም ነው። ነጋዴዎቹ ከአፈሳው ይልቅ ጦርነቱን ፈሩ።

አዋጁ በታወጀ በአምስተኛው ቀን ለንደን ላይ እንግሊዝ የንግድ ገደቡን አነሳች። ወሬ በመርከብ ነው የሚሄደው፤ አትላንቲክን ለመሻገር ሳምንታት ይፈጃል። ዜናው ሲደርስ ጦርነቱ ተጀምሯል። ማዲሰንም «አፈሳው መች ቀረ?» ብሎ ቀጠለ።

የእግር ጉዞው እንደታሰበው አልሄደም። ነሐሴ 16 ቀን ጄኔራል ዊልያም ኸል ዲትሮይትን ለእንግሊዙ አይዛክ ብሮክና ለተኩምሴ ያለ ውጊያ አስረከበ። ሽማግሌው ጄኔራል የነባሮቹን ተዋጊዎች ብዛት ከልክ በላይ ፈርቶ ነበር። በኋላ የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት፤ ማዲሰን በነፃነቱ ጦርነት ለዋለው ውለታ ማረው። ዲትሮይት እጅ ከሰጠች ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ባሕር ላይ ኮንስቲቲዩሽን የተባለችው የአሜሪካ መርከብ የእንግሊዟን ጌሪየር ሰባብራ አሸነፈች። ካፒቴኗ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አይዛክ ኸል፣ የዚያው የጄኔራሉ የወንድም ልጅ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አጎት አገር አሳፈረ፣ የወንድም ልጅ አስከበረ።

በጥቅምት ወር የናያጋራን ወንዝ ተሻግረው ኩዊንስተን ላይ ሲዋጉ ብሮክ ተገደለ። አሜሪካኖቹ ግን ተሸነፉ። ማዶ የቆመው የኒውዮርክ ሚሊሺያ «ሕጉ ከአገር ውጭ እንድንዘምት አያስገድደንም» ብሎ አልሻገርም አለ። ከተማረኩት መካከል ዊንፊልድ ስኮት የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። ለአክስቴ ብነግራት የምወደው ታሪክ እዚህ ጋ ነው።

ምርኮኞቹ ኩቤክ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰዱ መርከብ ላይ ናቸው። የእንግሊዝ መኮንኖች ገቡና ሰዎቹን አንድ በአንድ ያናግሩ ጀመር። ያው እንደ ባሕሩ ቅላጼ ፍለጋ ነው። አነጋገሩ የአየርላንድ የሆነውን ሁሉ «የንጉሡ ሰው ሆነህ ንጉሡን ወግተሃል፣ ከሃዲ ነህ» እያሉ ለብቻ ያቆማሉ። ስኮት ጩኸቱን ሰምቶ ከታች ወጣና ለቀሩት ወታደሮች «አንድ ቃል እንዳትናገሩ!» ብሎ አዘዘ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። እስከዚያ ድረስ ግን 23 ሰዎች ተለይተው ነበር። በክህደት ሊከሰሱ ወደ እንግሊዝ ተላኩ።

አሜሪካ 23 የእንግሊዝ ምርኮኞችን መያዣ አድርጋ «እናንተ ከሰቀላችሁ እኛም እንሰቅላለን» አለች። እንግሊዝ 46 አሜሪካውያንን መያዣ አደረገች። አሜሪካ ጨመረች፣ እንግሊዝም ጨመረች። በመጨረሻ ሁለቱም የያዟቸው መኮንኖች በሙሉ የሞት መያዣ ሆኑ። ደግነቱ ማንም ማንንም አልሰቀለም፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ተለቀቁ። የሁለቱ አገሮች የዜግነት ሕግ ጠብ ሥጋ ለብሶ የታየው በእነዚህ ሰዎች ላይ ይመስለኛል።

1813ን ቶሎ ልለፈው። በሚያዝያ አሜሪካኖች ዮርክን፣ የዛሬዋን ቶሮንቶን፣ ያዙና የምክር ቤቷን ሕንፃ አቃጠሉ። በመስከረም ኦሊቨር ሃዛርድ ፔሪ የኤሪ ሐይቅ ላይ ድል አደረገ። በጥቅምት ተኩምሴ ቴምዝ በተባለው ውጊያ ወደቀ። እሱ ሲወድቅ ያሰባሰበው ኅብረትም አብሮት ፈረሰ።

በ1814 ጸደይ ናፖሊዮን ከዙፋኑ ሲወርድ እንግሊዝ እጇ ነፃ ሆነ። ከአውሮፓ የመጡ ነባር ወታደሮች በነሐሴ ሜሪላንድ ላይ አረፉ። ነሐሴ 24 ቀን ብላደንስበርግ ላይ የአሜሪካ ጦር፣ በቁጥር እየበለጠ፣ ተበተነ። ሽሽቱ በጣም ስለፈጠነ በኋላ «የብላደንስበርግ እሽቅድምድም» እያሉ ቀለዱበት። ከዲሲ ብላደንስበርግ ሮድን ይዞ ለሥራ የሚነዳ አበሻ ሁሉ ዛሬ በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው።

ዋይት ሀውስ ውስጥ የዚያን ቀን ምሳ ተሰናድቶ ነበር። ጠረጴዛውን ያዘጋጀው፣ ወይኑን ያቀዘቀዘው ፖል ጄኒንግስ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ የማዲሰን ባሪያ። አንድ ሰው በፈረስ እየጋለበ፣ ባርኔጣውን እያውለበለበ «ውጡ! ውጡ!» እያለ መጣ። ቤቱ ባዶ ሆነ። ማታ የገቡት የእንግሊዝ መኮንኖች የቀረበውን በሉ፣ ወይኑን ጠጡ፣ ከዚያ ቤቱን በእሳት ለቀቁበት። የፕሬዚዳንቱ ሚስት ዶሊ የጆርጅ ዋሽንግተንን ትልቅ ሥዕል ራሷ ተሸክማ አዳነች የሚባል ወሬ አለ። ጄኒንግስ ካደገና ነፃ ከወጣ በኋላ «ሐሰት ነው» ብሏል። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ የተሰነቀረና መሰላል የሚፈልግ ስለነበር ያወረዱት የበር ጠባቂውና አትክልተኛው ናቸው። ቤቱ ነጭ የተቀባው ቃጠሎውን ለመሸፈን ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ከዚያ በፊትም ነጭ ነበር።

ማዲሰን ሲሸሽ ከሁለት ቀን በኋላ ያደረው ብሩክቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑን ይዘህ ወደ ሰሜን ብትነዳ ታገኛታለህ። እስከ ዛሬ «ለአንድ ቀን ዋና ከተማ ነበርኩ» እያለች ትኮራለች።

ከዋሽንግተን በኋላ ተራው የባልቲሞር ነበር። ፎርት ማክሄንሪ የተባለው ምሽግ ለ25 ሰዓት ያህል በቦምብና በሮኬት ተደበደበ። ፍራንሲስ ስኮት ኪ የተባለ ጠበቃ የታሰረ ሐኪም ለማስፈታት ሄዶ በዚያው ባሕር ላይ ታግቶ ነበር። ሲነጋ ሜሪ ፒከርስጊል የሰፋችው፣ 9 በ13 ሜትር ገደማ የሆነው ባንዲራ አሁንም ይውለበለባል። ያየውን በግጥም ጻፈ፤ የእንግሊዝ ማኅበርተኞች በዘፈኑት ዜማ ተዘመረ፤ በ1931 ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ያን ትልቅ ባንዲራ ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ ማየት ይቻላል።

የነፃ ሰዎችን ምድር የሚያወድሰው ጠበቃ ባሪያ ገዥ ነበር። በዚያው ባሕር ዳርቻ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ነፃነትን ፍለጋ ወደ ጠላት መርከብ ይቀዝፉ ነበር። የእንግሊዙ አድሚራል ኮክሬን በሚያዝያ 1814 ከአሜሪካ ወጥቶ መሄድ የሚፈልግ ሁሉ ከነቤተሰቡ እንቀበለዋለን፣ ወይ በሠራዊታችን ያገለግላል ወይ በነፃ ሰፋሪነት ይሄዳል ብሎ አወጀ። ባሮች የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ሁሉም ገባው። 4,000 ያህል ሰው በሌሊት በጀልባ እየቀዘፈ አመለጠ። ከወንዶቹ የተወሰኑት ቀይ መለዮ ለብሰው፣ ባሪያ አድርገው የገዟቸውን ሰዎች ብላደንስበርግ ላይ ወጉ። እንግሊዝ ይህን ያደረገችው ለጽድቅ አልነበረም። በራሷ ቅኝ ግዛቶች ባርነት ገና ነበር። ቢሆንም ከጦርነቱ በኋላ ሰዎቹን አልመልስም አለች። ክርክሩ ወደ ሩሲያ ንጉሥ ዳኝነት ሄዶ በ1826 እንግሊዝ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ለባለቤቶቹ ለመክፈል ተስማማች። ሰዎቹ ግን ነፃ ሆነው ቀሩ። ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ ወዳለችው ኖቫ ስኮሺያ ሄዱ። ወታደሮቹ ትሪኒዳድ ላይ በየሻለቃቸው መንደር ተሰጣቸው፤ ዛሬም «አምስተኛ ካምፓኒ» የሚባል መንደር አለ። አገር የቀየረ ሰው ማን ነው ካላችሁ፣ እነሱ ናቸው። ከባሪያ ሐራጅ በቀር ወረቀት አልነበራቸውም።

ሰላሙ የተፈረመው የዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው ጌንት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1814 ነው። ውሉ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ ይላል። መሬት የወሰደ የለም። ስለ አፈሳው አንድ ቃል የለበትም። ናፖሊዮን ስለወደቀ እንግሊዝ የሚታፈስ መርከበኛ አልፈለገችም፤ ነገሩ ሳይፈታ በነነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 8 ቀን 1815፣ አንድሩ ጃክሰን ኒው ኦርሊንስ ላይ እንግሊዞቹን ድባቅ መታ። 2,000 ያህል እንግሊዛዊ ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። ይህ «ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የተደረገ ውጊያ» ነው ሲባል ትሰማላችሁ። በጥብቅ ካየነው አላለቀም ነበር። ውሉ ሁለቱም ወገን እስኪያጸድቀው አይሠራም ይላል፤ ሴኔቱ ያጸደቀው በየካቲት ነው። ብቻ የድሉና የሰላሙ ዜና ተከታትሎ ስለደረሰ አሜሪካውያን ያሸነፉ መሰላቸው።

ካናዳውያንም «ወራሪውን መልሰናል» ብለው ያሸነፉት እነሱ እንደሆኑ ይቆጥራሉ። እንግሊዞች በአብዛኛው ረስተውታል፤ የዚያ ዘመን ጦርነት ሲባሉ ናፖሊዮን ነው የሚመጣላቸው። የተሸነፈው በስም ይታወቃል። የውሉ ዘጠነኛ አንቀጽ ለነባሮቹ ሕዝቦች በ1811 የነበራቸው ይመለስላቸው ይላል፤ አልተመለሰላቸውም። በደቡብ ጃክሰን ክሪክ ከሚባለው ሕዝብ 9 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ በውል ወሰደ። ከተወሰደባቸው መካከል ከእሱ ጎን ተሰልፈው የተዋጉለት ይገኙበታል።

ያ የመጀመሪያው ጥያቄስ? ዜግነት ይለወጣል ወይ የሚለው? እንግሊዝ ሕጓን የቀየረችው በ1870 ነው። ከዚያ ዓመት በኋላ ሌላ ዜግነት የወሰደ እንግሊዛዊ የንግሥቲቱ ሰው መሆኑ ቀረ። ጦርነቱ ካለቀ 55 ዓመት አልፎታል።

አክስቴን በፈተናው ቀን ያ ጥያቄ አልመጣላትም። ስድስቱን መልሳ «ይበቃል» ተባለች። ስትወጣ ተናደደች፣ ያን ሁሉ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ። በመሐላው ቀን ግን «ለውጭ አገር ልዑልም ሆነ ገዥ የነበረኝን ታማኝነት ትቻለሁ» የሚለው ሲነበብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ይሄ ነው አይደል ያጣላቸው?» አለችኝ።